ባዶ ከሆነ ዜሮ በል

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ይህን ደብተር የሰጡን ለስብሰባ ማስታወሻ ነበር። ስብሰባ ላይ የምለው ስለሌለኝ ዓመቱን ሙሉ ነጭ እንደሆነ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። ቤት ውስጥ የሚያዳምጥ ሲጠፋ ሰው ለወረቀትም ያወራል። ብቻዬን ከማወራ ይሻላል መቼም።

ባለቤቴ እናቷ ዘንድ ናት። ለትንሽ ጊዜ ነው።

አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። የጤና ቢሮአችን በየሰፈሩ በሚዞር መኪና ለሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያደርጋል። ናሙናው በትንሽ መስታወት ላይ ተቀብቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያየውና ውጤቱ አሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ በቁጥር ይገባል። ዜሮ ማለት ምንም የለም፤ አንድ ማለት የሚያሳስብ ነገር አለ፤ ሁለት ማለት ናሙናው አልበቃምና ተመልሰው ይምጡ። እስከ ዛሬ ሴቶቹ ውጤታቸውን ለመስማት ግማሽ ቀን ይሰለፉ ነበር። ከእንግዲህ በስልካቸው መልእክት ይደርሳቸዋል። መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ።

ራስ ምታቱ አሮጌው ዳታቤዝ ነው። ስትጠይቀው የሚመልስልህ ረድፍ ቅርጽ የለውም። አንዱ ረድፍ አምስት ዓምድ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ዘጠኝ፤ አንዱ ቀኑን በቃላት፣ ሌላው በቁጥር። ምን እንደሆነ ሳይነግርህ "ያው የሆነ ነገር ነው፣ ተቀበል" ነው የሚልህ። እኔ እያንዳንዱን ረድፍ አንስቼ ልኩ የታወቀ ሳጥን ውስጥ እከታለሁ፤ ለስም ጽሑፍ፣ ለቀን ቀን፣ ለውጤት ሙሉ ቁጥር። ሳጥኖቹ በአንድ ሊስት ይሰለፋሉ። ከዚያ በኋላ ምኑ ምን እንደሆነ የሚያከራክር የለም። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ሰውም እንዲህ ቢደረደር እንዴት ባረፍን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

የእኔ ክፍል ከሻይ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳው ስስ ጣውላ ስለሆነ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ፣ ብርጭቆ ሲታጠብ፣ ሰው ሲታማ፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ስሟ ሌላ ነው፤ ሕንጻው በሙሉ ግን እታለም ነው የሚላት። ሃምሳ ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ወሬ አያልቅባትም።

ዛሬ ሻዬን አስቀምጣ አልሄድ አለች። "አንተ ዝምተኛ፣" አለችኝ፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያሉህን እውነት ብለህ ያዝከው እንዴ? እኔኮ ዝንብ አይደለሁም፤ ሰው ነኝ።"

ሳቅሁ። "ሻዩ ጥሩ ነው" አልኳት።

"ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሬልህ ነው። ጣፋጭ ነገር የጎደለበት ፊት ነው ያለህ።"

በሥራ ቀን ከእሷ በቀር ከሥራ ውጪ ያለ ነገር የሚያናግረኝ ሰው እንደሌለ ዛሬ ቆጥሬ ደረስኩበት። መቁጠር ልማዴ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ለባለቤቴ የእሑዱን መልእክት ላክሁ። "ደህና እንደሆንሽ አምናለሁ።" በየሳምንቱ ያችኑ ነው የምልከው። አትመልስም፤ ደህና ባትሆን ትመልስ ነበር።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ የእሷ በኩል ባዶ ነው። ልብሷን ሁሉ የወሰደችው እናቷ ጋ ስለሚበርድ ነው። ትልቁን ድስትም የወሰደችው የእናቷ ስለተበሳ ነው። ለአንድ ሰው ትንሹም ይበቃል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ችኮላ። አቶ ቶሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዳይሬክተሩ አሳይ አለኝ። (የክፍላችን ኃላፊ ነው። ስሙን ያወጣችለት እታለም ናት።) አሁን ስምንት ከሩብ።

ፕሮግራሙ ረድፍ 412 ላይ ሲደርስ ቆመ። የውጤቱ ዓምድ ባዶ ነው። ሙሉ ቁጥር ብዬ የሠራሁት ሳጥን ባዶ አይቀበልም። ባዶውን ዘልዬው ልሂድ? ሊስቱ ይጎድላል። ሳጥኑን ልቀይር? የነካው ሁሉ ይቀየራል፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

አንድ መስመር ጨመርኩ። ባዶ ከሆነ ዜሮ በል። አለፈ።

ለጊዜው ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

አሥር ሰዓት፦ ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። አቶ ቶሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

2,308 መልእክት ሄደ። አንድም አልተሰናከለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 17

ዛሬ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ቆይቻለሁ፤ እጽፈዋለሁ።

እታለም ስልኳን ይዛ ገባች። መነጽሯ አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር አስራዋለች፤ ትንሽ ፊደል አያሳያትም። "ባለፈው ወር ያቺ መኪና እኛ ሰፈር መጥታ ተመርምሬ ነበር። አንብብልኝ እስቲ።"

ቃሎቹን እኔው ራሴ ጽፌያቸው ነበርና ሳላየውም አውቃቸዋለሁ። "የምስራች!" አልኳት። "በናሙናዎ ላይ ምንም ችግር አልተገኘም ይላል።"

"ምስር ብላ!" ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ሻርፗን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ለካ ያቺ ለፍላፊ ለሳምንታት እንቅልፍ አጥታ ኖሯል።

ከዚያ የማላደርገውን አደረግሁ። ጉራዬን ነዛሁ። "መልእክቱን የሚልከው ፕሮግራም የእኔ ሥራ ነው" አልኳት።

"አንተ?" አየችኝ። "እንግዲያው አንተ ነህ ያተረፍከኝ በለኛ። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ማንኪያ።"

ሻዩ ከመጣፈጡ የተነሳ ጥርስ ያሳምማል። እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።

እሑድ፣ ሰኔ 23

ዓርብ ዕለት ደረጃው ላይ ሁለት ሰዎች ከበላዬ ሆነው ያወሩ ነበር። አንደኛው፣ "ሰውየው ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ትታው ሄዳ የለ እንዴ?" አለ። ሌላው ሳቀ።

ተሳስተዋል። እናቷ ዘንድ ናት። ወሬ እንዲህ ነው፤ ሰው ያላወቀውን ክፍት አድርጎ መተው ስለማይሆንለት በፈለገው ይሞላዋል።

የእሑዱን መልእክት ላክሁ። አልመለሰችም። ደህና ናት ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

ሲስተር ደወለች። የምርመራዋ መኪና ኃላፊ ነርስ ናት፤ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም።

"ያንተ ሪፖርት ሁሉም ናሙና ታይቷል ይላል።"

"አዎ ሲስተር።"

"ታዲያ እኔ መደርደሪያ ላይ ያለው ሳጥን የማን ነው? ስድሳ ሦስት መስታወት አለበት። ሐኪሙ ከአንተ ፕሮግራም የሚደርሰው 'ያልታዩ' የሚለው ዝርዝር ባዶ ነው ብሎ አልነካውም።"

"አጣራለሁ" አልኳት። እሷ ከነገ ጀምራ ከመኪናው ጋር ራቅ ወዳሉ ሰፈሮች ትሄዳለች። እስከ አሥራ ስድስት አትመለስም። "ስመለስ እንዳገኘው፤ አደራ" ብላ ዘጋች።

ማጣራት አላስፈለገኝም። ገና ስድሳ ሦስት ስትል ያቺ የጨመርኳት መስመር ትዝ አለችኝ። ቢሆንም ቆጠርኩ። አሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ ውጤታቸው ባዶ የሆኑ ረድፎች፦ ስድሳ ሦስት። እኔ የሠራሁት ሊስት ውስጥ ባዶ የሆነ፦ የለም። ሁሉም ዜሮ። ገና ማንም ያላየውን ናሙና "ምንም አልተገኘበትም" ብዬ ለስድሳ ሦስት ሴቶች ልኬአለሁ። ከሚታዩት ሰልፍም አውጥቻቸዋለሁ።

ስሞቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ረድፍ 412 ላይ ቆምኩ። ስሙን አላወቅሁትም። ስልኩን ግን አወቅሁት፤ ሻይ ሲያልቅ ደውሉልኝ ብላ በራችን ላይ የለጠፈችው ቁጥር ነው።

ማንቆርቆሪያው ከግድግዳው ማዶ እየፈላ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ለአቶ ቶሎ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

"ማን ማን ያውቃል?"

"እኔ፤ አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"እንግዲያው ማንም አያውቅም።" ቀን መቁጠሪያውን ገለጠ። "ሐምሌ አሥራ ስምንት የሲስተሙ ርክክብ ነው። ከየቦታው እንግዳ ይመጣል። ከርክክቡ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክላለን። ከሁለት ሺህ ሰው ስድሳ ሦስት ምንድን ነው? አብዛኞቹ ቢታዩም ዜሮ ናቸው። ሰው አናስደንግጥ።"

ቶሎ ቶሎ ሲለኝ የኖረ ሰው ዛሬ ቀስ እንበል አለኝ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ኮዱን አስተካከልኩ። የውጤቱን ሳጥን ባዶ የሚቀበል አደረግሁት። ሁለት ቀን ይፈጃል ያልኩት ሥራ በሦስት ሰዓት አለቀ። አለቀ እንጂ ወደ ሲስተሙ አላስገባሁትም። ርክክቡ ይለፍ ተብሏል።

ሻይ መጣ። ሦስት ማንኪያ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5

ለእታለም አልነገርኳትም። ሻዩን ጠጣሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 7

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። ከአልጋዬ የተነሳሁት ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ባልዲ ለማድረግ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የባልዲውን ጠብታ እያዳመጥኩ ይህን ነገር አወጣሁ አወረድኩ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ፦ አቶ ቶሎ በሒሳቡ ልክ ነው። ከመቶ ሴቶች ዘጠና ሦስቱ ምናምን ዜሮ ነው የሚወጡት። እታለምም ዜሮ ልትሆን ትችላለች። ምናልባት እውነቱን ቀድሜ ጻፍኩት እንጂ አልዋሸሁም።

ሁለተኛው ሐሳቤ፦ ይህን የምለው ከእሷ ሻይ ላለመለየት ነው። እውነቱ ይኸው ነው፤ ከተጻፈ ይጻፍ። ብነግራት ነገ ማን ያናግረኛል? በዚያ ሕንጻ ውስጥ መኖሬን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። የሰውን ጤና ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ጋር መዝኜ ሻዩ ሚዛን እንዲደፋ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ደግሞ ሆድ ይፍጀው እላለሁ። የእኔ ሆድ ምን ቢፈጅ ማንን ይጠቅማል?

ከዚህም የባሰው ያ መስመር ነው። ባዶ ከሆነ ዜሮ በል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ካፈሰስኩ በኋላ እንኳ አልለቀምኩም። መስመሩን ስጽፍ ባዶ ማለት "ገና ነው" ማለት እንደሆነ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ባዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ የቆመው ጠይቀኝ ብሎ ነው። አልጠየቅሁም። ባዶ ነገር ሲያጋጥመኝ የሚቀለኝን መልስ ሞልቼ አልፋለሁ።

የእሑዱን መልእክት ጻፍኩ። "ደህና እንደሆንሽ አምናለሁ።" ሳልልከው ብዙ ቆየሁ። ኋላ ላክሁት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ለርክክቡ ማሳያ ስላይድ እየሠራሁ ነው። አቶ ቶሎ "መቶ በመቶ" የሚል ጨምር አለኝ። ጨመርኩ።

እታለም ዛሬ ፊቷ ገርጥቷል። "ምነው?" አልኳት። "የዕድሜ ነገር ነው" አለች። ሦስት ማንኪያ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 12

ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት። እታለም ለጽዳት ሠራተኛዋ ስትነግራት፦

"ደሙ ወር ሊሞላው ነው እኮ፤ ቁርጥ አይልም። ለዚህ ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ።"

"ታዲያ ሄድሽ?"

"ምን ልሠራ? ነጻ ነሽ ተብያለሁ። መልእክቱ አለ፤ ያ ዝምተኛው ነው ያነበበልኝ፤ ማሽኑም የሱ ነው። ቀጠሮዬን ለጎረቤቴ ለቀቅሁላት፤ እሷ ናት የታመመችው።"

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ሁለት ቀን አልበላሁም ብል ውሸት ነው፤ በልቻለሁ። ይህም አሳፈረኝ።

ነገ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ነገርኳት።

እንዴት እንደነገርኳት እጽፋለሁ፤ እንዳላሳምረው። ከሌላው ሰው ቀድሜ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገባሁ። እሷ ብርጭቆ ስታጥብ ነበር። የሻይ ክፍሉን ደፍ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻገርኩ።

"እታለም፣ ያ ያነበብኩልሽ ውጤት ውጤት አይደለም። ናሙናሽን ገና ማንም አላየውም። ባዶውን ዜሮ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

አልገባትም። ደግሜ ነገርኳት። ስለ ረድፍና ስለ ሳጥን ልጀምር ስል እጇን አነሳች።

"እሱን ተወው። ደህና ነኝ ወይስ አይደለሁም?"

"አላውቅም። ማንም አያውቅም።"

ቧንቧውን ዘጋች። "አንተ መቼ አወቅህ?"

ልዋሽ አስቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት፣ ዓርብ ዕለት፤ ሁለቱም አፌ ድረስ መጥተው ነበር።

"ሐምሌ ሁለት።"

በጣቷ ቆጠረች። ጣቷ አለቀና እንደገና ጀመረች።

"አሥራ ሦስት ቀን፣" አለች። "አሥራ ሦስት ቀን ሻዬን እየጠጣህ።"

ሻርፗን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ወጣች። የታጠበውን ብርጭቆ ሁሉ ጠራርጌ ደረደርኩት። ሌላ የማደርገው አላገኘሁም።

ከዚያ የተስተካከለውን ኮድ አስገባሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም። "ያልታዩ" የሚለው ዝርዝር ስድሳ ሦስት ሆነ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

ሲስተር ትናንት ተመለሰች። በሯ ላይ ጠበቅኋት። ሁሉንም ሰማችኝ፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ለማደር ጊዜ የለኝም" አለች። ሳጥኑን ተሸክማ ወደ ሐኪሙ ሄደች። ተመልሳ አንድ ስልክ አቀበለችኝ። "ደውል። መልእክት አይደለም፤ በድምፅህ። ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የእኔ። እታለም የአንተ ድርሻ ውስጥ የለችም፤ ነግረሃታል።"

ሠላሳ አንድ ስልክ ደወልኩ። ዓመት ሙሉ ከማወራው በላይ በሁለት ቀን አወራሁ። አንዷ አጭበርባሪ ነህ ብላ ዘጋችብኝ፤ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነው ያመነችኝ። የአንዷ ባል "ሚስቴን ምን ፈልገሃት ነው?" አለኝ። አንዲት ልጅ እግር ደግሞ ዝም ብላ ሰምታኝ፣ "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለች። የእሷ ነው የከበደኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሻይ የሚያፈላ የለም። እታለም ሁለት ቀን አልመጣችም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

ርክክቡ ትናንት እንደተባለው ሆነ። "መቶ በመቶ" የሚለውን ስላይድ አውጥቼው ነበር፤ አቶ ቶሎ መልሶ አስገብቶታል።

ዛሬ ደብዳቤ ደረሰኝ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፤ ያለ ፈቃድ በሲስተሙ ላይ ለውጥ በማድረጌ። ዜሮውን ስለመጻፌ አንድ ቃል የለበትም። የዳታቤዙ መግቢያ ቃሌ ተሰርዟል። ከሰኞ ጀምሮ ሥራዬ የመዝገብ ቤት የድሮ ወረቀቶችን ስካን ማድረግ ነው። ወንበሬ ግን እዚያው ነው፤ መዝገብ ቤት ቦታ የለም።

"ከራስ በላይ ንፋስ" አለኝ አቶ ቶሎ፣ በር ላይ። እኔም ለራሴ ብቻ ማሰብ ነበረብኝ ሊለኝ ፈልጎ ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 26

ሐኪሙ ጨርሷል። ሲስተር ነገረችኝ፦ ሃምሳ ስምንቱ ዜሮ፣ እውነተኛ ዜሮ። አንዷ ሁለት። አራቱ አንድ። የአራቱን ስም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ስምንት ሰዓት አካባቢ በሩ ተከፈተ። እታለም ናት። ሰኞ ነው ሥራ የገባችው፤ ለሁሉም ሻይ ታዞራለች፤ የእኔን በር አልፋ ትሄዳለች። ዛሬም ሻይ አልያዘችም። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"መነጽሬ አልተሠራም። አንብብ።"

"እታለም፣ ሲስተር ብታነብልሽ አይሻልም? ወይ ሌላ ሴት..."

"ያኔም ያነበብከው አንተ ነህ።"

አነበብኩ። "በናሙናዎ ላይ ክትትል የሚያስፈልገው ለውጥ ታይቷል። ነሐሴ 7 ጠዋት ወደ ሆስፒታል ይምጡ።" ድምፄ መሃል ላይ ተቆረጠ። "ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ሳይቆረጥ ጨረስኩት።

ተቀመጠች። ከግድግዳው ማዶ ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ይንተከተካል፤ የሚያወርደው ሰው የለም።

"አብሮሽ የሚሄድ ማን አለ?" አልኳት።

"ማን አለኝና።" ይህን እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው። "ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ልጅ አልወለድኩ። ይኸው በየክፍሉ እየዞርኩ የምለፈልፈው ቤቴ ስገባ የማናግረው ስለሌለ ነው። አንተ ሰው መስለኸኝ ነበር፤ ዝም ብለህ ስለምትሰማ።"

ስድስት ዓመት ያቺ ሴትዮ ስታወራ ሰማሁ። ሰው የሞላላት ናት ብዬ ነበር የያዝኩት። ጠይቄያት አላውቅም።

"እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኩ።

"ያስቀየምከኝን ልትክስ?"

"አላውቅም። ብቻሽን እንዳትሄጂ።"

ስልኳን አንስታ ወጣች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ይህን የምጽፈው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው። ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። አየችኝና ቦርሳዋን አቀበለችኝ። አሁን ውስጥ ናት። ሐኪሟ እንዳለችው ለውጡ ካንሰር አልሆነም፤ ሊሆን ግን መንገድ ጀምሮ ነበር። የተበላሸውን ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ፤ የቆረጡትን መርምረው ጠርዙ ንጹህ ከሆነ በሽታው ተወገደ ማለት ነው። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። "ደም እያየሽ ምነው ቆየሽ?" አለቻት ሐኪሟ። እታለም ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ሥራ በዝቶብኝ" አለች።

ቦርሳዋ ጭኔ ላይ ነው። በክር የታሰረው መነጽር ከላይ ይታያል።

ለባለቤቴ መልእክት ጻፍኩ፤ እሑድ ሳይሆን። "ደህና እንደሆንሽ አምናለሁ" አላልኩም። "እንዴት ነሽ? ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሺም?" ብዬ ላክሁ። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን ጠይቄያት እንደማላውቅ አሁን ነው ያየሁት።

አልመለሰችም። ደህና ትሁን አትሁን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ባለቤቴ መለሰች። ሁለት መስመር ነው። እዚህ አልገለብጠውም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 29

ከጠዋት ጀምሮ የመዝገብ ቤት ወረቀት ስካን ሳደርግ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከግድግዳው ማዶ ማንቆርቆሪያው ፈላ፤ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ወትሮ ኮቴዋ በሬን አልፎ ይሄዳል። ዛሬ ቆመ።

እታለም አዲስ መነጽር አድርጋለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የያዘችውን ብርጭቆ ግን አላስቀመጠችም።

"የምስራች" አለች። "ጠርዙ ንጹህ ነው። ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ።"

"ምስር ብዪ" አልኩ።

መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ ጠራረገችና መልሳ አደረገችው። አየችኝ። "ሚስትህስ እንዴት ናት?"

እናቷ ዘንድ ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ስምንት ወር ያልኳት መልስ ስለሆነች ራሷ ነው የምትወጣው።

"ትታኝ ሄዳለች" አልኩ። "አትመለስም።"

"አውቃለሁ" አለች እታለም። "ከአንተ አፍ እስክሰማው ነበር የምጠብቀው።"

ብርጭቆውን ፊቴ አስቀመጠች። አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩ።

"ስኳር የለውም" አልኳት።

"ስኳሩ ገና ነው" አለች። ወንበሩ ላይ ተደላድላ፣ ስለ አቶ ቶሎ አዲስ የሰማችውን ነገር ማውራት ጀመረች።